ወንበሩም ይናገር፦ የመኪና ውድድር ሲሙሌተር ላይ ንዝረት የመግጠም አሠራር

እውነተኛ መኪና ስትነዱ ብዙውን ወሬ የምትሰሙት በመቀመጫችሁ ነው። የኋላ ጎማ መሸርተት ሲጀምር ከወገብ በታች ቀድሞ ይታወቃል፣ ዓይን የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ሲሙሌተር ላይ፣ ማለትም እውነተኛ መሪና ፔዳል ይዛችሁ በምትነዱት የመኪና ጨዋታ ላይ፣ ይሄ ሁሉ ዝም ነው። ጥሩ መሪ ቢኖራችሁ እንኳ መሪው የሚያወራው በአብዛኛው ስለ ፊት ጎማዎች ነው። የኋላውን ለማወቅ ስክሪኑ ላይ መኪናው ሲዞር እስክታዩ ትጠብቃላችሁ፣ ያኔ ደግሞ ነገሩ አልቋል፣ አጥሩ ላይ ናችሁ።

ይሄን ክፍተት ወንበር ላይ በሚታሰር ነዛሪ መሙላት ይቻላል። ሥራው የአንድ ቅዳሜ ነው። ማስተካከሉ ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ ብዙ ሰው የሚሰላቸውም እዚያ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ገጥሜ ጨርሼ ያለውን ሁሉ ከፍቼ ተቀመጥኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እግሬ ደነዘዘ፣ ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ፣ የመኪናውን ሁኔታ ግን ከበፊቱ ባነሰ ነበር የማውቀው። ስለዚህ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ዓላማው ወንበሩ እንዲጮህ አይደለም። በትክክለኛው ሰዓት አንድ ነገር እንዲናገር ነው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ባስ ሼከር የሚባለውን ዕቃ ወረቀት የሌለው ስፒከር አድርጋችሁ አስቡት። ስፒከር ውስጥ ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል አለ፣ ጥቅልሉ ወረቀቱን እየገፋ አየር ያንቀሳቅሳል፣ እኛም እንሰማለን። ሼከር ውስጥ በወረቀቱ ቦታ ከባድ ነገር አለ። ያ ክብደት ወደላይና ወደታች ሲል የታሰረበትን ነገር አብሮ ያናውጣል። ደህና የሚሠራው ከ20 እስከ 80 ኸርዝ ባለው መሃል ነው፣ ኸርዝ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር ነው። ከዚያ በላይ ስትወጡ ንዝረቱ እየሳሳ ወደ ጩኸት ይቀየራል።

መስመሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ስለ መኪናው መረጃ ይለቃል፦ የሞተር ዙር፣ ማርሽ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ፍጥነት፣ የሰስፔንሽን እንቅስቃሴ። ይሄ መረጃ ቴሌሜትሪ ይባላል። ሲምሃብ የተባለው ፕሮግራም መረጃውን ተቀብሎ ወደ ዝቅተኛ ድምፅ ይቀይረዋል። ድምፁ በሳውንድ ካርድ በኩል ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል፣ አምፕሊፋየሩ ሼከሩን ይነዳል፣ ሼከሩ ወንበሩን፣ ወንበሩ እናንተን።

አቋራጭም አለ። የጨዋታውን ድምፅ ራሱን ከፍላችሁ ወደ ሼከሩ መላክ ትችላላችሁ። ሶፍትዌር አይፈልግም፣ ማንኛውም ጨዋታ ላይ ይሠራል፣ ፊልም ስታዩም ያናውጣችኋል። ችግሩ ሼከሩ የሚያውቀው ድምፅን ብቻ መሆኑ ነው። የሜኑው ሙዚቃም፣ ከኋላ የሚያልፋችሁ መኪና ሞተርም፣ የራሳችሁ ጎማ መንሸራተትም ለሱ አንድ ነው። ለመዝናናት ይበቃል። የዙር ሰዓት ለማሻሻል ከሆነ ግን ቴሌሜትሪው ይሻላችኋል፣ ከዚህ በኋላ የማወራውም ስለሱ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ሼከር። በሲሙሌተር ሰዎች ዘንድ የተለመዱት የዴይተን ኦዲዮ ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ ቢኤስቲ-1 ነው፣ ትልቁ፣ ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ 50 ዋት የሚችል። ሌላው ቲቲ25-8 ነው፣ ትንሽ፣ ክብ፣ ባለ 8 ኦም። ትልቁ ወንበሩን በሙሉ ይነቀንቃል። ትንሹ ፔዳል ሥር ወይም የወንበር ጀርባ ላይ ያምራል። በትኪከር የሚባለው ብራንድ ደግሞ ከራሱ አምፕ ጋር አንድ ላይ የሚሸጥ ጌመር የሚል መስመር አለው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ሽቦ ማገናኘት የሚያስፈራው ሰው በአንድ ካርቶን ይገላገላል።

ስንት ሼከር? በአንድ ጀምሩ። የምሬን ነው። በአንዱ መስማት ያልተማረ ሰው አራት ሲገጥም የሚያገኘው አራት እጥፍ ግርግር ነው። ሁለተኛውን ስትጨምሩ ብዙ ሰው ግራና ቀኝ ያደርጋቸዋል፣ እኔ ግን ፊትና ኋላ አድርጉ ባይ ነኝ። አንዱ ፔዳል ሥር ሆኖ የፊት ጎማን ወሬ ያምጣ፣ አንዱ መቀመጫ ሥር ሆኖ የኋላውን። ድርቅ ያለ የፋይበር ወንበር ላይ ግራና ቀኝ ብታስሩ ንዝረቱ ተቀላቅሎ ከየት እንደመጣ አትለዩትም። እግርና መቀመጫ ግን አይምታቱም።

አምፕሊፋየር። ቲፒኤ3116 የሚባለውን ቺፕ የያዙ ትንንሽ ዲጂታል አምፖች ለዚህ ሥራ በቂ ናቸው። መዳፍ ላይ ያርፋሉ፣ ብዙም አይሞቁም። ቺፑ በ21 ቮልት ሁለት ቻናል በ4 ኦም ላይ 50 50 ዋት ይሰጣል። ኃይል የሚሰጠውን አዳፕተር አትናቁ። ያንኑ አምፕ በ12 ቮልት ብትነዱት በቻናል የምታገኙት 15 ዋት ገደማ ብቻ ነው፣ ከዚያ ሼከሩ ደካማ ነው ብላችሁ ታማርራላችሁ። 24 ቮልት፣ 5 አምፔር ያለው አዳፕተር ለሁለት ሼከር ይበቃል።

ሳውንድ ካርድ። ለሼከሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ባለ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ። ጥራቱ አያሳስባችሁ፣ 40 ኸርዝ የሚያበላሽ ካርድ ፈልጋችሁም አታገኙም። ብሉቱዝን ግን አታስቡት። በብሉቱዝ የሚሄድ ድምፅ በቀላሉ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል፣ ፍሬን የቆለፈበት ንዝረት ኩርባውን ካለፋችሁ በኋላ ቢመጣ ምን ይረባል?

ከዚህ ሌላ 1.5 ሚሊሜትር ስኩዌር የሆነ ጥንድ ሽቦ፣ ብሎን፣ ባለናይሎን ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ትራፓኖ፣ መልቲሜትር፣ እና ወንበሩን ከፍሬሙ የሚለዩ የጎማ ማያያዣዎች ያስፈልጋሉ። የመጨረሻውን ቀልድ አታድርጉት፣ እመለስበታለሁ።

ወንበሩ ላይ ማሰር

1. ወንበሩን ከፍሬሙ ፍቱና ገልብጡት። ሥሩን በጣታችሁ አንኳኩት። ሥሩ ስፖንጅ ወይም ላስቲክ ከሆነ ሼከር እዚያ ላይ አይታሰርም፣ ስፖንጁ ንዝረቱን ይበላዋል። የሚያስፈልገው ደረቅ ነገር ነው።

2. ደረቅ ቦታ ከሌለ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ላሜራ ቆርጣችሁ በወንበሩ መጫኛ ቀዳዳዎች ላይ እሰሩ፣ ሼከሩን እሱ ላይ። ቀጭን ላሜራ አትጠቀሙ፣ እንደ ከበሮ ይጮሃል።

3. ሼከሩን በሁሉም ቀዳዳዎቹ እሰሩት። "በሁለቱ ይበቃል" የሚል ሰው ሁሌም አለ። አይበቃም። ዳዶዎቹ ባለናይሎን ይሁኑ፣ ካልሆነ የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉባቸው። ሥራው መነቅነቅ የሆነ ዕቃ የራሱን ብሎን ይፈታል። የኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበሩ ሥር ካር ካር ማለት ሲጀምር ሼከሩ የተቃጠለ መስሎኝ አዝኜ ነበር፣ ለካ አንድ ዳዶ ነው።

4. አሁን የጎማ ማያያዣው። ወንበሩን በቀጥታ ከፍሬሙ ጋር በብሎን ካሰራችሁት የምታናውጡት ወንበሩን ብቻ አይደለም፣ ፍሬሙን፣ መሪውን፣ ስክሪኑን፣ ወለሉን ጭምር ነው። ጉልበቱ ይበተናል፣ እናንተ ጋ የሚደርሰው ትራፊው ነው። በወንበሩና በፍሬሙ መሃል አራት የጎማ ማያያዣ ስታስገቡ ንዝረቱ ወንበሩ ውስጥ ይቀራል። ያንኑ ሼከር በዚያው ቮልዩም ሞክሩትና ልዩነቱን እዩ፣ አዲስ ዕቃ የገዛችሁ ነው የሚመስለው።

ጎማው ምን ያህል ይለስልስ ለሚለው መልሱ በፔዳላችሁ ላይ ይወሰናል። ሎድሴል ፍሬን፣ ማለትም የእግርን ግፊት የሚለካ ፔዳል፣ ያላቸው ሰዎች በየኩርባው 40 ኪሎ እና ከዚያ በላይ ይረግጣሉ፣ ያ ግፊት ዞሮ ወንበሩን ወደኋላ ይገፋል። ጎማው በጣም ለስላሳ ከሆነ ወንበሩ እያፈገፈገ ፍሬናችሁን ያበላሻል። ተቀምጣችሁ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ። ወንበሩ ሲሄድ በዓይን ከታየ ጠንከር ያለ ጎማ ቀይሩ።

5. ፔዳል ሥር ሁለተኛ ሼከር ካላችሁ እሱንም በዚያው መንገድ፣ የፔዳሉ ሳህን ላይ። እዚያ ትንሹ ቲቲ25-8 ከበቂ በላይ ነው።

ኮምፒውተሩን ፍሬሙ ላይ የምታስቀምጡ ከሆነ አውርዱት። በተለይ ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለ መናወጥ አይወድም።

ሽቦው

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። አምፕ የሚቃጠለው እዚህ ነው።

ከማንኛውም ነገር በፊት አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ከአምፑ ፕላስ ወደ ሼከሩ ፕላስ፣ ከማይነስ ወደ ማይነስ። ሽቦው ጫፍ ላይ ተበትኖ ከጎረቤቱ ጋር እንዳይነካካ ጠምዝዙት፣ ካውያ ካላችሁ በቆርቆሮ ቀቡት።

አሁን ትልቁ ነገር። እነዚህ ዲጂታል አምፖች ማይነሳቸው ግራውንድ አይደለም። በፕላሱም በማይነሱም ላይ ኃይል ይሄዳል። ስለዚህ የሁለቱን ቻናል ማይነስ አንድ ላይ አታገናኙ፣ ከፍሬሙ ብረት ጋርም እንዲነካ አታድርጉ። እኔ የመጀመሪያ አምፔን የገደልኩት ሽቦ ልቆጥብ ብዬ ሁለቱን ማይነስ በአንድ ገመድ ሳመጣ ነው። ትንሽ ሸተተ፣ መብራቷ ጠፋች፣ በቃ። የቆጠብኩት አንድ ሜትር ሽቦ ነበር።

አንድ ቻናል ላይ ሁለት ሼከር ማሰር ለሚፈልግ ሂሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ባለ 4 ኦም ጎን ለጎን ብታስሩ 2 ኦም ይሆናል፣ ያ ለነዚህ አምፖች ከመጠን በላይ ጭነት ነው። አንዱን ከሌላው አስከትላችሁ በተከታታይ ብታስሩ 8 ኦም ይሆናል፣ ደህና ነው፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን 4 ኦም ይሰጣሉ፣ እሱ ጥሩ ነው። ከማብራታችሁ በፊት በመልቲሜትር ለኩት። መልቲሜትሩ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ቢያሳይ አትደንግጡ፣ ባለ 4 ኦሙ 3 ነጥብ ምናምን ማለቱ የተለመደ ነው። ዜሮ አካባቢ ካለ ግን አንድ ቦታ ሽቦ ተነካክቷል።

ሁለት ሼከር አንድ ሳህን ላይ ከሆኑ አቅጣጫቸውም አንድ ይሁን። አንዱ ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፣ ተጣፍተው ምንም አይሰማም። "ሁለተኛውን ስጨምር ቀነሰ" የሚል ሰው ካያችሁ ሽቦውን ገልብጥ በሉት።

ዊንዶውስ ላይ

ሳውንድ ካርዱን ስትሰኩ ዊንዶውስ ራሱ ዋና የድምፅ መውጫ ሊያደርገው ይችላል። ወዲያው ገብታችሁ ስፒከራችሁን ወይም ሄድፎናችሁን ዋና አድርጉ። ካልሆነ መልእክት በመጣ ቁጥር መቀመጫችሁ ይነዝራችኋል። ስሙንም ቀይሩለት፣ "ሼከር" በሉት። ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ካርዶች መሃል መፈለግ ኋላ ላይ ያናድዳል። ከዚያ የካርዱ ባሕርያት ውስጥ ገብታችሁ ድምፅ ማሻሻያ የሚባሉትን ሁሉ አጥፉ። እነሱ ትንሹን ድምፅ ከፍ፣ ትልቁን ዝቅ እያደረጉ እኩል ያደርጋሉ፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ልዩነቱን ነው።

የካርዱን ቮልዩም ወደ 80 በመቶ አድርጉት። የአምፑን ቁልፍ ዜሮ ላይ ተዉት። ገና ነን።

ሲምሃብ እና ጨዋታው

ሲምሃብን ጫኑና ሼክኢት ባስ ሼከርስ የሚለውን ክፍል አብሩት። ሞተርስ የሚል ሌላ ክፍል አለ፣ እሱ የዛሬው አይደለም። የድምፅ መውጫ በሚለው ቦታ "ሼከር" ያላችሁትን ካርድ ምረጡ፣ የትኛው ቻናል ለየትኛው ሼከር እንደሆነ ንገሩት።

ፕሮግራሙ በነጻ ይሠራል። ነጻው ስሪት መረጃውን የሚያድሰው በሰከንድ 10 ጊዜ ነው፣ ፈቃድ ሲገዛ 60 ጊዜ ይሆናል። ለመሞከር ነጻው ይበቃል። የጎማ መቆለፍን ለመስማት ግን 10 ጊዜ ዘገምተኛ ነው፣ ትንሽ ስትለምዱት ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ጨዋታዎቹ መረጃ የሚለቁበት መንገድ ይለያያል። አሴቶ ኮርሳ ምንም አይጠይቃችሁም፣ ስትከፍቱት ይሠራል። የኤፍ 1 ጨዋታዎች ላይ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ የቴሌሜትሪ ክፍሉን ፈልጉ፣ ዩዲፒን (መረጃው በኔትወርክ የሚላክበት መንገድ ነው) አብሩ፣ አድራሻው 127.0.0.1፣ ፖርቱ 20777 ይሁን። ፎርዛ ላይ ዳታ አውት የሚል አለ፣ እሱም አድራሻና ፖርት ይጠይቃል። የጭነት መኪናው ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ተጨማሪ ፕለጊን ይፈልጋል፣ ሲምሃብ ራሱ ይጭንላችኋል። ኮንሶል ላይ የምትጫወቱም አልተረሳችሁም። ኤፍ 1 መረጃውን በቤት ኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መላክ ይችላል፣ ሲምሃብ ግራን ቱሪስሞ 7ንም ያነባል። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሲምሃብን ይዞ ጎን ላይ ቢቀመጥ ሥራው ያልቃል። ያኔ ኤፍ 1 ውስጥ የምትጽፉት አድራሻ 127.0.0.1 ሳይሆን የላፕቶፑ አድራሻ መሆኑን እንዳትረሱ።

አሁን የአምፑን ቁልፍ ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ። ሲምሃብ ውስጥ አንድ ውጤት፣ ማለትም እንደ ማርሽ ወይም ጎማ መንሸራተት ላለ አንድ ነገር የተመደበ ንዝረት፣ መርጣችሁ የሙከራ ቁልፉን ተጫኑ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ነው፣ ቆማችሁ አይደለም። ባዶ ወንበር እና ሰው የተቀመጠበት ወንበር ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። ቁልፉን ግማሽ አካባቢ ስታደርሱ በደንብ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ወደ ሽቦው ተመለሱ፣ ወደ ሙሉ ቮልዩም አትሂዱ። ባለ 24 ቮልት አምፕ በሙሉ ቮልዩም ሼከሩ ከሚችለው በላይ መስጠት ይችላል፣ ጥቅልሉም ይቃጠላል። 20 ደቂቃ ከነዳችሁ በኋላ ሼከሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቅ ማለቱ ደህና ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ቀንሱ።

ዋናው ሥራ፣ ማስተካከሉ

ሲምሃብ ውስጥ የውጤቶቹ ዝርዝር ረጅም ነው። ሁሉንም አጥፉ። ሁሉንም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙከራ። ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ድምፅ የሚያመነጭ ፕሮግራም ፈልጉና ከ20 ኸርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ 100 ድረስ ወደ ሼከሩ ላኩ። አንድ ቦታ ላይ ወንበሩ በድንገት ይዘላል፣ ወይም አንድ ብረት ይንጫጫል። የኔ 42 ላይ ነው፣ የስክሪኑ እግር ይዘፍናል። ያን ቁጥር ጻፉት። ማንኛውም ውጤት እዚያ ቁጥር አካባቢ ሲያርፍ ከሌላው ቦታ ይልቅ ስለሚጎላ ጥንካሬውን ትቀንሱለታላችሁ፣ ወይም ትሸሹታላችሁ። የሚንጫጫውን ብረት ደግሞ በጎማ ወይም በፕላስተር ዝም አሰኙት።

በመጀመሪያ የጎማ መንሸራተትን ብቻ ክፈቱ፣ የኋላውን። ይሄ ነው ገንዘባችሁን የሚመልሰው። የኋላ ጎማዎች መያዛቸውን መልቀቅ ሲጀምሩ ወንበሩ ቀስ ብሎ ይነዝራል፣ ሲብስ ይጠነክራል። በደንብ የምታውቁትን አንድ መኪናና አንድ ትራክ ምረጡ። ከኩርባ ስትወጡ ነዳጁን ሆን ብላችሁ አብዙ። ንዝረቱ መኪናው መዞር ሲጀምር ከመጣ ዘግይቷል፣ መነሻውን ዝቅ አድርጉ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በደህና ስትነዱም የሚነዝር ከሆነ መነሻው በጣም ዝቅ ብሏል። በዚህ መሃል ያለውን ቦታ መፈለግ አንድ ምሽት ይፈጃል። ይፍጅ። ሌላውን ሁሉ ብታበላሹት እንኳ ይሄ አንዱ ከተስተካከለ አነዳዳችሁ ይለወጣል።

ሁለተኛ፣ የጎማ መቆለፍ። ፔዳል ሥር ሼከር ካላችሁ ወደዚያ ላኩት። ከሌላችሁም ወደ መቀመጫው ይሂድ፣ ግን ፍሪኩዌንሲው፣ የኸርዙ ቁጥር ማለት ነው፣ ከመንሸራተቱ ይራቅ። አንዱ 30 አካባቢ ከሆነ ሌላው 55 ወይም 60 ይሁን። አካላችሁ ሁለቱን ሳያስብ እንዲለያቸው ነው። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን ሥርዓት) ባለው መኪና የኤቢኤሱን ውጤት በሱ ፋንታ ክፈቱ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ማርሽ። አጭር ዱብ የምትል ምት፣ ወደ 100 ሚሊሰከንድ። ጥቅሟ ትንሽ ነው ግን ደስ ትላለች፣ ማርሽ መግባቱንም ዓይናችሁን ሳታነሱ ታውቃላችሁ። ብታስረዝሟት ትሰለቻለች።

አራተኛ፣ መንገዱ፦ ጉብታው፣ የትራኩ ዳር ያለው ጥርስ ጥርሱ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ሣር ላይ መውደቁ። እነዚህ የሚመጡት ከሰስፔንሽኑ እንቅስቃሴ ነው። ጥንካሬያቸውን መካከለኛ አድርጉት። ራሊ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ቀንሱት፣ እዚያ መንገዱ ሁሉ ጉብታ ስለሆነ ሌላውን ወሬ ይውጠዋል።

ሞተሩን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ቁልፍ ሲዞር ወንበሩ ሲነቃ ልብ ይማርካል። ግን ሞተር ዝም አይልም። ሙሉ ዙር አብሯችሁ ነው፣ በቀጠለ ቁጥር ቆዳችሁ ይደነዝዛል፣ የኋላ ጎማው ሲጣራ አትሰሙትም። ሂሳቡም አያግዝም። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። ሚኒሞ ላይ በደቂቃ 900 ዙር ቢል በሰከንድ 30 ምት ነው፣ 30 ኸርዝ፣ ሼከሩ የሚወደው ቦታ። በ6000 ዙር ግን 200 ኸርዝ ይሆናል፣ ያኔ ሼከሩ ንዝረት መሆኑ ቀርቶ የሚያስቸግር ዝንብ ይሆናል። ባለ 8 ሲሊንደሩማ ሚኒሞ ላይ ገና 60 ነው። ስለዚህ እውነተኛውን ቁጥር እርሱት። ፍሪኩዌንሲውን ከ25 እስከ 50 ባለው መሃል አስሩት፣ ጥንካሬውን ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ አድርጉት፣ መኖሩን ስታጠፉት ብቻ የምታውቁት ያህል። እኔ ለራሴ ውድድር ላይ አጠፋዋለሁ፣ ዝም ብዬ ስዞር አበራዋለሁ።

አንድ ስህተት ልጨምር። እያንዳንዱን ውጤት ለብቻው ስታስተካክሉ ሁሉም ልክ ይመስላል፣ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ይደመራሉ። ኩርባ ውስጥ ዳሩን ረግጣችሁ፣ ጎማ ቆልፋችሁ፣ ማርሽ እየቀነሳችሁ ከሆነ ሦስት ውጤት በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ ድምሩ ከጣሪያው ያልፍና ሁሉም ወደ አንድ ጉርምርምታ ይቀየራል። መፍትሔው ሁሉንም እኩል ዝቅ አድርጎ አምፑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ደረጃም ስጡ፦ መንሸራተትና መቆለፍ ከላይ፣ ሌላው ሁሉ ከሥራቸው።

ስታስተካክሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዚያ አምስት ዙር ንዱ። ሰውነት ሞኝ ነው፣ የጨመረውን ሁሉ ለጊዜው ይወዳል። ማታ የወደዳችሁትን ጠዋት ድገሙት። እና ደህና የሆነውን ቅንብር አስቀምጡ፣ ወደሱ መመለስ የምትፈልጉበት ቀን አይቀርም።

ገንዘብ ለሌለው፣ በትንንሽ ሞተር

የተበላሸ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ካላችሁ ውስጡ ሁለት ነዛሪ ሞተሮች አሉ፣ ጫፋቸው ላይ ያጋደለ ክብደት ያለው። እነሱን ወንበር ጀርባ ላይ አስራችሁ በአርዱዊኖ፣ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ መንዳት ይቻላል፣ ያ ሞተርስ ያልኩት የሲምሃብ ክፍል ለዚህ ነው። ፕሮግራሙን አርዱዊኖው ላይ የሚጭንላችሁም ሲምሃብ ነው፣ ኮድ መጻፍ የለም።

ሞተሩን በቀጥታ ከአርዱዊኖ እግር ጋር ግን አታገናኙ። የአርዱዊኖ ኡኖ እግር ሳይጨነቅ የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው፣ ሞተሩ የሚፈልገው ብዙ እጥፍ። መሃል ላይ የሞተር ሺልድ፣ ማለትም ሞተር የሚነዳ ተጨማሪ ሰሌዳ፣ አስገቡ፣ ለሞተሮቹ የራሳቸውን የኃይል ምንጭ ስጡ፣ ግራውንዱን ከአርዱዊኖው ጋር አገናኙ። እዚህ ጋ ግራውንድ መገናኘት አለበት፣ ከላይ ካልኩት አምፕ ጋር እንዳታምታቱት።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። እነዚህ ሞተሮች ላይ ጥንካሬና ፍጥነት አንድ ናቸው። ቀስ ብሎ ግን በኃይል ንዘር ልትሉት አትችሉም፣ ለመጠንከር መፍጠን አለበት። ለመነሳትም ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ ማርሽና ጉብታ ላይ ደካማ ናቸው፣ መንሸራተትና መቆለፍ ላይ ግን ያረካሉ። ከዝምታው በብዙ ይሻላሉ።

ጎረቤት

40 ኸርዝ ግድግዳ አያቆመውም። ሄድፎን አድርጋችሁ ምንም ድምፅ የለም ብላችሁ ስታስቡ ታች ያለው ሰው ጣሪያው ያጉረመርምበታል። የወንበሩ ጎማ ግማሹን ይፈታል። ለቀሪው ከፍሬሙ እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ አንጥፉ፣ ምንጣፍ ብቻውን አይበቃም። መቻሉን ለማወቅ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ይንዳ፣ እናንተ ወደ ሌላው ክፍል ወይም ወደ ታች ውረዱ፣ መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ ለጥፉ። መዳፋችሁ ከሰማ ጎረቤታችሁም ሰምቷል።

ወገቡን የሚያመው ሰው ለረጅም ሰዓት እንዲነዳበት አልመክርም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይቀመጥበት፣ ሼከሩ ውስጥ ያለው ማግኔት ኃይለኛ ነው። ሌሎቻችሁ በየሰዓቱ ተነሱና እግራችሁን አፍታቱ። ስትነሱ እግረ መንገዳችሁን ዳዶዎቹንም ጠበቅ ጠበቅ አድርጓቸው።